የየኔታ የግራ መንጋጋ

ከዶክተር ሠናይት ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ኮምፔርሳቶ ተለያይተን ኖረናል። ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሰፊ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ፣ በቀኝ በኩል የእኔ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ በግራ በኩል የእሷ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ኮምፔርሳቶ ደግሞ ግድግዳ አይባልም። መጀመሪያ ሰሞን እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርሽ» እል ነበር። መልስ ስለማትሰጥ ተውኩት።

ዶክተር የምንላት እኛ ነን። «ዶክተር አይደለሁም፣ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ» እያለች ሰውን ሁሉ ስታርም ሰንብታ፣ የሚሰማት ስታጣ ደከማትና ተወችው። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጭቃ በሆነ ቀን እንኳ ጫማዋ የተወለወለ ሴት ናት። የተወለደችው አንበሳሜ ነው። አባቷ አቶ አያሌው እዚህ ደብረ ታቦር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ታመሙ፤ እሷም የምትሠራበትን ሆስፒታል ለቃ ልታስታምማቸው መጣች። አራት ዓመት አስታማ ቀበረቻቸው። እናቷ ቀደም ብለው ነው የሞቱት፤ እህት ወንድም የላትም። «ለምን አላገባሽም?» ብዬ አንድ ጊዜ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጠይቄያታለሁ። «ጊዜ አላገኘሁም» አለችኝና የምትከፍተውን ቁልፍ ከፍታ ገባች።

እውነቱን ልናገርና፣ ኩራተኛ መስላኝ ነበር። ምሳዋን በምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩን ዘግታ ለብቻዋ ትበላለች። የምሳ ዕቃው ክዳን ሲከፈት እሰማለሁ፣ ሲዘጋም እሰማለሁ፤ መካከሉ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። እኔ ያለ ሰው እህል የማይወርድልኝ ነኝ። በሩን ዘግቶ የሚበላ ሰው ሳይ የናቀኝ ይመስለኛል። «ነይ እንብላ» ልበላት ብዬ ስንቴ ተነስቻለሁ፤ ስንቴስ «የተማረችው እሷ፣ መጀመሪያ መጥራት ያለባት እሷ» ብዬ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ስድስት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በሥራዋ ግን አትታማም። እኔ የጥርስ ሐኪም ማለት የተቦረቦረውን ሞልቶ «በቃ ሂድ» የሚል ይመስለኝ ነበር። እሷ መሰርሰሪያውን ከማንሳቷ በፊት ሰውየውን ቀጥ አድርጋ ታስቀምጥና፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ስስ ወረቀት በጥርሶቹ መካከል አስገብታ «ንከስ» ትላለች። ወረቀቱ የእኔ ካርቦን ዘመድ ነው፤ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነጥብ ይተዋል። የትኛው ጥርስ ጫናውን እንደተሸከመ፣ የትኛው ያለ ሥራ እንደቆመ በዚያ ታያለች፤ ትጽፋለች። ከሞላች በኋላ እንደገና ወረቀት፣ እንደገና «ንከስ»። ነጥቡ ደምቆ ያየችበትን ትሞርድና እንደገና «ንከስ»። በመጨረሻ «አሁን እንደነከስክ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አፋጨው» ትላለች። ሙሌቱ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ካለ ራስ ያሳምማል፣ መንጋጭላ ያደክማል፣ ሲብስም ጥርሱን ለሁለት ይሰነጥቀዋል ስትል ስንት ቀን ሰምቻለሁ። ስድስት ዓመት በኮምፔርሳቶ በኩል ስማር ኖሬያለሁና ብፈተን የማልፍ ይመስለኛል።

የኔታ ሀብተማርያም የመጡት ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። በጋፋት በኩል ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የሚያስተምሩ፣ ሰባውን ያለፉ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ሃያ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ድሮ ጎጆው እስኪጠብ ተማሪ ነበራቸው። አሁን የቀራቸው ዲያቆን ናትናኤል የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ብቻ ነው፤ እሱም ለፋሲካ ዝማሬውን ሊጨርስ ተቃርቧል። «እሱን ካስጨረስሁ ዕዳ የለብኝም» ይላሉ። ችግሩ ሦስት የታች የፊት ጥርሶቻቸው ወልቀው «ጸ» ባሉ ቁጥር ያፏጫሉ። ናትናኤል ደግሞ መምህሩ ያሉትን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚይዝ ነውና፣ አንድ ቀን ፉጨቱን ጭምር አዜመው። የኔታ ያን ዕለት ነው ወደ ሐኪም ለመሄድ የወሰኑት።

ዶክተር ሠናይት አፋቸውን አገላብጣ አየችና ሦስት ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደምትሠራላቸው፣ የሚይዘውም በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ በሚታሰር ሽቦ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሌሎቹ ጥርሶች የላሉ ናቸው። መንጋጋው ራሱ ግማሹ ስለተሰበረ መጀመሪያ እሱ መሞላት አለበት። ከተሰበረ ዓመታት ስላለፉ ከበላዩ ያለው ጥርስ የሚገጥመው አጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዷል።

«ጥርስ እንዲህ ነው የኔታ» አለቻቸው። «ትይዩው ሲጠፋበት ባለበት አይቀመጥም፤ ፍለጋ ይወርዳል።»

የኔታ ሳቁ። «ሰውስ ቢሆን ምን ሌላ ያደርጋል ልጄ?»

እሷ አልሳቀችም። የላይኛውን ጥርስ ሞርዳ ቦታ ካበጀች በኋላ የታችኛውን ሞላች፤ ከዚያ ወረቀቷን አምጥታ ደጋግማ አስነከሰቻቸው። የቀረችው የመጨረሻዋ ነገር ነበረች።

«አሁን እንደነከሱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያፋጩልኝ።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔታ?»

«ጥርስ ማፋጨት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፤ ትንሽ ብቻ።»

«እሱስ ይቅርብኝ። ጥርስ ማፋጨት የኩነኔ ነው። እኔ ይህን ዕድሜ ሙሉ የምጾመው እዚያ ሄጄ እንዳላፋጭ ነው፤ አሁን በስተርጅና እወንበርሽ ላይ ቁጭ ብዬ ልለማመደው?»

እኔ ከዚህ ማዶ አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ። ምን ትላለች ብዬም ጠበቅሁ። ገበሬ ይሁን ነጋዴ፣ ካላፋጨ ከወንበሩ የማታስነሳ ሴት ናት። የኔታን ግን ሁለተኛ አላዘዘቻቸውም። በእኛ አገር ሽማግሌ መምህርን «እንዲህ ያድርጉ» ብሎ ደግሞ መናገር ነውር ነው፤ እሷም የመምህር ልጅ ናት።

«እሺ የኔታ፣ ይቅር» አለች።

ይህችን «ይቅር» በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ያን ጊዜ እንዲያውም ደግ አደረገች ብዬ አመስግኛታለሁ። የገብስ ቆሎ የሚበላ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እንደማያኝክ ማን አሰበ?

ሰው ሠራሹ ጥርስ ባሕር ዳር ተሠርቶ፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቶ ሲመጣ ኅዳር ገባ። የኔታ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ሞከሩት። «ጸ» ሳታፏጭ ወጣች። ደግመው አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ለቀው አንድ ዝማሬ ጀመሩ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ደንበኛዬ ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መምጣት ያዙ። «እግረ መንገዴን ነው» ይላሉ። ከጋፋት ወደ ገበያ ለሚመጣ ሰው የእኛ ቤት እግረ መንገድ አይደለም። ምክንያታቸው ጥርሱን ማሳጠብ ነው። እሷ ጥርሱን ታጥባለች፤ እሳቸው በተማሪነት ዘመናቸው ያሳደዳቸውን ውሻ ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ያወራሉ። እሷ አታወራም፤ ትሰማለች። የዶክተር ሠናይትን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ቀጠሮ መስጠት አቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ወንበር ስትስብ፣ ስትወለውል እሰማለሁ። ከአባቷ በኋላ ያላት ሰው እሳቸው ነበሩ። ይህን ለማወቅ ግድግዳው ኮምፔርሳቶ መሆን አያስፈልገውም።

ጥር ላይ የኔታ ቀሩ። መጀመሪያ ጥምቀት ይዟቸው ነው አልኩ። ነገር ግን በጥምቀት ከመዘምራኑ መካከል ዓይኔ አላያቸውም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልመጡም። በሦስተኛው ቅዳሜ ወንበሩ ሲሳብ ሰማሁ፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ወንበሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰማሁ። ቀጥሎ የሱቄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በስድስት ዓመት ውስጥ ወረቀት ሳትፈልግ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው።

«እትዬ ሙሉ፣ ጋፋት የኔታ ካሉበት የሚያደርሰውን መንገድ ያውቁታል?»

«ምነው ዶክተር?»

«አስቀይሜያቸው ይሆናል። ወይ ሰለቸኋቸው።»

ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄድን። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ የገብሱ እርሻ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። እኔ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃ ጉልበቴን እንዳሻለኝ ሳወራ ሄድኩ። እሷ «እ» ትላለች። አሁን ሳስበው አንድም ነገር አልጠየቅኋትም።

የኔታ በጎጆአቸው ደጃፍ ከመደቡ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉንጫቸውን በነጠላ አስረዋል። ሲያዩን ነጠላውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ በግራ በኩል ያበጠው ተገለጠ። ናትናኤል ከጎናቸው ቆሞ «ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ አላስተማሩኝም፣ ቆሎም አልቀመሱ» አለ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ሠናይት። 

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ‹የሠራሽው አመመኝ› ብዬ? ያልሽውን ሁሉ በትጋት ሠርተሽ፣ ደግሞ ብቻሽን የምትኖሪ ሰው፣ ቤትሽ ገብተሽ ይህንን ይዘሽ ስታድሪ ታየኝ። ያልፍልኛል ብዬ ቀረሁ።»

 ከቦርሳዋ ጓንቷንና ወረቀቷን አወጣች፤ ከመሬቱ ተንበረከከች። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዞረች።

«ነክሰው ያፋጩ የኔታ።»

ይህን ጊዜ አልተከራከሩም። እያመማቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አፋጩ። ወረቀቱን ስታወጣው እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። በመንጋጋው ጎን፣ መሆን በሌለበት ቦታ፣ ወፍራም ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ሥር ደግሞ ሙሌቱን አልፎ ወደ ድዱ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ አለ።

«እኔ ነኝ የሰበርሁት» አለች። «ያን ቀን ማስፋጨት ነበረብኝ። አፈርሁና ተውሁት።»

«እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ የኔታ።

«እርስዎ እምቢ ማለት ይችላሉ። እኔ መተው አልችልም ነበር።»

እብጠቱን የሚያወርድ መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ ቅዳሜ እንዲመጡም ቀጠረቻቸው፤ ተመለስን። 

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት የኔታ መጡ። እብጠቱ ጎድሏል፣ ድምፃቸውም ተመልሷል። ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይኸው ዳንሁ። አሁን ጠግኝልኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ ብቻ። ናትናኤል የቀረው ጥቂት ነው።»

«የኔታ፣ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቋል። ከላይ ብጠግነው ከሥር ይመግላል። መንገድ በተዘጋ ቀን እብጠቱ ወደ አንገትዎ ቢወርድ ማን ይደርስልዎታል? መነቀል አለበት።»

«ከተነቀለ የፊቱን ጥርስ ምን ይይዘዋል?»

«አሁን ምንም አይዘውም። ድድዎ ሲድን፣ በሦስት በአራት ወር ሌላ ዓይነት እሠራልዎታለሁ።»

«በአራት ወር!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አራት ወር ማን ሰጥቶኝ? ቃል በአፉ የሚያፈስ መምህር ተማሪ ይበድላል። ይህ ጥርስ ከወጣ ናትናኤልን ለሌላ መምህር አሳልፌ ሰጥቼ ጋይንት ከእህቴ ልጅ ዘንድ እገባለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አንች ካልጠገንሽው ባሕር ዳር ሄጄ አስጠግናለሁ!»

 እኔ የማሽኑን ክዳን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ባሕር ዳር ቢሄዱ የሚጠግንልዎ አያጡም» አለች በመጨረሻ። «እኔም መጠገን እችላለሁ። ብጠግነው በየቅዳሜው ይመጣሉ፤ አይሄዱብኝም። ይህን ሳምንት ሙሉ ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርሁ። እርስዎ ከሄዱ እኔ ማንም የለኝም የኔታ። ግን አልጠግነውም።»

እሷ እንዲህ ያለ ነገር በአፏ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። የኔታም ሰምተው አያውቁ ይሆናል። ወንበሩ «ሲጥ» ሲል ሰማሁ፤ ተቀመጡ።

«በይ እንግዲያ፤ ንቀዪው» አሉ።

ማደንዘዣው፣ መቆንጠጫው፣ ያ የማልወደው ድምፅ፤ ሁሉም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ «ይህን ጥጥ ግማሽ ሰዓት ነክሰው ይቀመጡ፤ አይናገሩ» አለቻቸው። ዕቃዋን ስታጥብ የውኃ ድምፅ ተሰማኝ። ውኃው ቆመ። ወንበሯን ስባ ከአጠገባቸው ስትቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ማውራት ጀመረች።

ስለ አባቷ ነበር። በመጨረሻ ዘመናቸው ልጃቸው መሆኗን ረስተው «አንች ደግ ሴት፣ ሰው የለሽም ወይ?» እያሉ ይጠይቋት እንደነበር። ከቀብሩ በኋላ ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ግን እንዴት ነሽ ያላት አለመኖሩን። አሁንም ሽሮ ስትሠራ ለሁለት ሰው እንደምትሠራ፤ የተረፈውን በምሳ ዕቃ እንደምታመጣ። «ብቻዬን ስበላ ሰው እንዳያየኝ በሩን እዘጋዋለሁ» አለች። «ያሳፍረኛል። ደግሞ ቶሎ እጨርሳለሁ።»

በዚያ ለቅሶ ሦስቱን ቀን ከተቀመጡት አንዷ እኔ ነኝ። ንፍሮም በልቻለሁ። ማሽኑን አጠፋሁት። አንዲት ተማሪ ልታስነሳ ስትመጣ ነገ ነይ አልኳት።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ «የኔታ፣ በቃ ጥጡን ያውጡት» ስትል ሰማሁ።  ውኃ የምደፋ መስዬ ወጣሁና በበሩ በኩል አሻግሬ አየሁ። የኔታ ጥጡን እንደነከሱ ናቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ፤ እጃቸውንም ዘርግተው ቀጥይ የሚል ምልክት ሰጧት። ለንግግር የተፈጠሩ ሰው ናቸው። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያን ጥጥ ነክሰው ዝም ብለው ሰሟት።

ሰኞ ወደ ጋይንት ሄዱ። ናትናኤል ሸኝቷቸው ሲመለስ የኔታ አንድ ቃል አልላኩም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ደብረ ታቦር በኩል ሰገዱ አላት። እሷ «እሺ» አለችና የሚጠብቃትን ሰውዬ ጥርስ ማየት ቀጠለች። «አፋጭ» ስትል ሰማሁ። «አሁንም አፋጭ። ካላፋጨህ አትነሳም።»

ከዚያ ወዲህ ባለው ቅዳሜ ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልግባ እላለሁ። «ነይ እንብላ» ማለት አሁን ቀላል መሆን ነበረበት፤ የባሰ ከበደኝ። የሰማሁትን ሁሉ እንደሰማሁ ታውቅብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጨክኜ በሯ ላይ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና፣

«መቀስ አለሽ?» አልኳት።

እኔ፣ በመደርደሪያዬ ላይ ሃያ መቀስ ደርድሬ የምሸጥ ሴት! እሷም ታውቃለች፤ ያላት መቀስ ከእኔው የገዛችው ነው። ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። መቀሱ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። ልመልስ ስገባ ትንሽ እቀመጣለሁ ብዬ ነው።